ኑርሀያት የባድሩን ውሃ የለካች ዕለት

ኑርሀያት የምታምነው ሁለት ነገር ነው፤ አፍንጫዋንና መለኪያዋን።

አፍንጫዋን ማመን የጀመረችው ሐይቅ ከተማ ዓሣ ስትሸጥ ነው። የዛሬውን ዓሣ ከትናንቱ ለመለየት እንደ ሌላው ሰው ዓይኑን አታይም፣ ሆዱን አትጫንም። ጎንበስ ብላ አንዴ ሳብ ታደርግና "ይኼ አድሯል፣ ወዲያ በሉልኝ" ትላለች። አጥማጆቹ መጀመሪያ ይናደዱባት ነበር። እያደር ግን ራሳቸው "ኑሬ፣ እስቲ አሽትችልን" እያሉ ያመጡላት ጀመር።

መለኪያዋ የመጣችው ኋላ ነው። እናቷ ሲደክሙ ዓሣውን ትታ ወደ አገሯ ተመለሰች። አገሯ ከሐይቅ ወደ አምባሰል ሽቅብ ሲሉ ነው፣ ሩቅ አይደለም። እዚያ የነበረው ምንጭ ጎልብቶ፣ ከበላዩ ታንከር ተሠርቶ፣ ከበታቹ ቦኖ ቆሞ አገኘችው። ውሃ በቧንቧ ሲወርድ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ነበር። ግን ውሃው መድኃኒት ይፈልጋል ተባለ፤ ክሎሪን የሚሉት፣ በረኪና በረኪና የሚሸተው። አንድ ሰው ጨማሪ፣ አንድ ሰው ለኪ ይሁን ተባለ። ለኪዋ ሴት ብትሆን ይሻላል ሲባል የተማሩት ልጃገረዶች ደሴ ናቸው፣ አንዳንዶቹም ዐረብ አገር ናቸው። ታዲያ ማን ቀረ?

"ኑርሀያት ትሁን" አሉ ጋሽ አሻግሬ፣ የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ።

"እኔ ፊደሉን እየዘለልኩ ነው የማነበው ጋሼ" አለች።

"ቁጥሩንስ?"

"ቁጥርማ ማን ይወስድብኛል!"

ሰው ሳቀ። ተመረጠችም።

ሥልጠናው ውጫሌ ነበር። አሠልጣኙ አቶ እንዳለ የሚባሉ ሰው ናቸው፤ ትሕትናቸው ለጉድ ነው። ሳጥኑን ከፍተው አሳዩአቸው። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት መለኪያ አለ። አንዷ እንደ እስክሪብቶ ቀጭን ናት፤ ውሃ ውስጥ ነከር ሲያደርጓት ቁጥር ታወጣለች። ይቺ ፒኤች የሚሉትን ነው የምትለካው። አቶ እንዳለ ሲያስረዱ "ሎሚ ብትነክሩባት ቁጥሯ ይወርዳል፣ የአመድ ውሃ ብትነክሩባት ይወጣል፣ ሰባት መኻሉ ነው" አሉ። ኑርሀያት ይኼን የሰማች ጊዜ ፍርሃቷ ለቀቃት። ሎሚና አመድ ከሆነ እሷም ታውቀዋለች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ሐይቁ ዳር ወርዳ እስክሪብቶዋን ነክራ ዘጠኝ ገደማ ስታገኝ፣ ብቻዋን "ለካ ልብስ ስናጥብበት ሳሙና የማያስፈጀን ለዚህ ነው" ብላ ሳቀች። እንደዚያ ይሁን አይሁን የነገራት የለም፣ እሷ ግን ወደደችው።

ሁለተኛዋ መለኪያ ክሎሪኑን ናት የምታየው። ትንሽ ብርጭቆ ትጎርሳለች። ኑርሀያት መጀመሪያ ውሃውን እንዲያው ባዶውን ታሳያትና "ዜሮ" ታስብላታለች። ከዚያ የመለኪያውን ዱቄት ከትንሿ ከረጢት ታፈስበትና ትነቀንቀዋለች። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፣ ልክ እንደ አራስ ልጅ ተረከዝ። ከሌለ እንደነበር ይቀራል። መልሳ ስታስገባው ማሽኗ ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር ትናገራለች። ኑርሀያት በየሳምንቱ ቦኖው ዘንድ ቁጭ ብላ ይኼን ስትሠራ ሴቶቹ ከበው ያያሉ። "ቀላ?" ይሏታል። "ቀላ" ትላለች። ጄሪካናቸውን ይዘው ይሄዳሉ።

ጨማሪው ባድሩ ነው። ገበሬ ነው፣ ጠና ያለ፣ ነገር የማያበዛ። የታንከሩን ቁልፍ በክር አድርጎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። መድኃኒቱን የሚጨምር ቀን ፊቱን በፎጣ ጠምጥሞ፣ ዱቄቱን በባልዲ በጥብጦ፣ እስኪረጋ ጠብቆ፣ ዳገቱን ወጥቶ ይጨምራል። ልጆቹ "የበረኪናው ሐኪም መጣ" ሲሉት እንዳልሰማ ያልፋል እንጂ ውስጡ ደስ ይለዋል። ሰው ሁሉ የሚጠጣውን ውሃ ለአንድ ሰው አደራ መስጠት ትንሽ ነገር አይደለም። ባድሩም ያውቀዋል።

ነገሩ የተበላሸው በአባ ኸሚስ ቤት ነው።

አባ ኸሚስ ሸቀጥ የሚነግዱ፣ በሐይቅ ገበያ ሰው የሚያውቃቸው፣ ምላሳቸው የማይደክም ሽማግሌ ናቸው። የልጅ ልጃቸውን ሆዱን አመመው፣ አስቀመጠው። መቼም ሕፃን ሆዱን ሊያመው የሚችለው በብዙ ነገር ነው፤ ጤና ኬላም የነገሯቸው ይኼንኑ ነው። እሳቸው ግን አንድ ነገር ያዙ።

"ቤቴ ያለው ውሃ መሽተት ትቷል" አሉ። "ድሮ ስጠጣው አፍንጫዬን ይሰነፍጠኝ ነበር። አሁን ምንም! ባድሩ ያን ዱቄት ወዴት ነው የሚያደርሰው?"

ይኼን መስጊድ በር ላይ ቢሉት አንድ ነገር ነበር። ሐይቅ ገበያ መኻል ነው ያሉት። ወሬው ቅዳሜ ሄዶ ቅዳሜ ሲመለስ አድጎ መጣ። ባድሩ ዱቄቱን ለልብስ አጣቢ ይሸጣል ተባለ። ሰው ሰላምታውን አሳጠረበት። ሚስቱ ቦኖ ስትሄድ ሴቶቹ ወሬያቸውን ይቆርጣሉ። እሱ ግን አልተከራከረም። አንድ ቀን ብቻ ኑርሀያትን መንገድ ላይ አገኛትና፦

"ኑሬ፣ አንቺ ትለኪያለሽ አይደል?" አላት።

"እለካለሁ እንጂ አያ ባድሩ። ሁልጊዜም ይቀላል። ብያቸዋለሁ።"

"አባ ኸሚስ እሷም ከሱ ጋር ናት ብለዋል።"

ኑርሀያት ደሟ ፈላ። "እንዲህ ካሉማ እዚያው ዓይናቸው ሥር እለካዋለሁ!" አለች።

ጋሽ አሻግሬም ይኼንኑ ወሰኑ። ጁምዓ ከሶላት በኋላ፣ ክርስቲያኑም እስላሙም ባለበት፣ ቦኖው አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ውሃው በሕዝብ ፊት ይለካ። ከታንከሩ፣ ከላይኛው ቧንቧና ከቦኖው ተቀድቶ ይምጣ። መድኃኒት ከሌለው ባድሩ ቁልፉን ያስረክብ፣ ቀበሌም ይጠይቀው። በአገሩ የሕዝብ ውሃ የካደ መባል ከሰውየው አልፎ ለልጅ ልጁም የሚተርፍ ስም ነው። ባድሩ "እሺ" ብቻ አለ።

ኑርሀያት በበኩሏ አልፈራችም። ባድሩን ታውቀዋለች፣ ውሃውን ታውቀዋለች፣ መለኪያዋንም ታውቃታለች። የጨነቃት ሌላ ነው። ሽማግሌ ፊት፣ ቄስ ፊት፣ ሼህ ፊት የሚቀርብ ነገር ንጹሕ መሆን አለበት። ከዚህ በፊት በማሽኗ ብርጭቆ በቀጥታ ከቧንቧው ሥር እየቀዳች ነበር የምትለካው፣ አሁን ግን ውሃ ተሸክማ ማምጣት ሊኖርባት ነው። ሦስት ጠርሙስ ፈለገች። በሳሙና ፈትጋ አጠበቻቸው፣ አለቀለቀቻቸው፣ አጠነቻቸው፣ አፋቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፈነቻቸው። እንግዲህ ውሃ አቅራቢ የሚያደርገው ሁሉ ተደርጓል ብላ ወጣች።

ምስክር ሁነው ማዕረግና ሀሚዱ አብረዋት ወጡ። ማዕረግ ጎረቤቷ ናት፣ ቀልደኛ። ሀሚዱ የአባ ኸሚስ የእህት ልጅ ነው፣ ከሳቸው ወገን ሆኖ ሊያይ ነው የመጣው። ባድሩ ታንከሩን ሲከፍት ሽታው ፊታቸውን መታቸው።

"አያ ባድሩ፣ ዛሬ ለእልህ አብዝተዋል እንዴ?" አለች ማዕረግ አፍንጫዋን ይዛ።

"እንደ ወትሮው ነው" አለ ባድሩ።

ኑርሀያትም ሳብ አደረገችው። ልክ ነው፣ እንደ ወትሮው ነው። ጠርሙሱን ሞላች። ሌሎቹንም በየቦታቸው ሞላችና ወደ ዋርካው ሄዱ።

ሰው ሞልቷል። ኑርሀያት ሳጥኗን ከፈተች። መጀመሪያ እስክሪብቶዋን ነከረች።

"ሰባት ተኩል" አለች ጮክ ብላ።

"ምን ማለት ነው?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"እንደ ሎሚ አልኮመጠጠም፣ እንደ አመድ ውሃም አልሆነም አባቴ። ደህና ውሃ ነው። መድኃኒቱ እንዲህ ባለ ውሃ ነው ደህና አድርጎ የሚሠራው።"

"ወደ መድኃኒቱ ግቢልን እንግዲህ!" አሉ አባ ኸሚስ።

ከታንከሩ የመጣውን ውሃ በትንሿ ብርጭቆ ቀዳች። ዜሮ አስባለቻት። ዱቄቱን ጨመረች። ነቀነቀች። ከፍ አድርጋ ለሰው አሳየች፣ ከዚያ ራሷ አየችው።

ውሃው እንደነበር ነው። አልቀላም።

ማሽኗ ውስጥ አስገባችው። ዜሮ።

ከሁለተኛው ጠርሙስ ቀዳች። ዜሮ። ሦስተኛው፣ ያ እንኳ ሮዝ ይሁን ነጭ የማይለይ ጥላ የመሰለ ነገር አሳይቶ ጠፋ። ዋርካው ሥር ያለው ሰው እንደ ንብ አንድ ጊዜ ተነሣ።

"አላልኩም?" አሉ አባ ኸሚስ። ድምፃቸው ውስጥ ደስታ አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር። ያዘኑም ይመስላሉ። "አላልኩም ጎበዝ? የዕድሜ ልክ ጎረቤቴ ነው። እኔ ውሸታም ብባል እመርጥ ነበር።"

ባድሩ እጁን ወደ አንገቱ ሰደደ፣ ክሩን በራሱ ላይ አሳልፎ አወጣው፣ ቁልፉን ጋሽ አሻግሬ ፊት መሬት ላይ አስቀመጠ። ሚስቱ ከሴቶቹ መኻል ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች።

ኑርሀያት ብርጭቆዋን እንደያዘች ቀረች። እንግዲህ ሁለት የምታምናቸው ነገሮች ተጣሉባት። አፍንጫዋ "አለ" ብሏል፣ ያውም ታንከሩ አፍ ላይ ቆማ። መለኪያዋ "የለም" ትላለች። ሌላ ሴት ብትሆን አንዱን ትክድ ይሆናል። ኑርሀያት ግን ሁለቱንም አልካደችም። ሁለቱም እውነት ከተናገሩ፣ መድኃኒቱ ታንከሩ ላይ ነበረ፣ ዋርካው ሥር ሲደርስ የለም። በመንገድ የበላው ነገር አለ ማለት ነው።

"ጋሽ አሻግሬ፣ ቁልፉን አያንሡት" አለች።

"ምነው ልጄ? አየነው እኮ።"

"ያየነው የጠርሙሱን ነው። የቦኖውን አላየንም።"

"ከቦኖው አይደል የቀዳሽው?" አለ ሀሚዱ። "እኔ ራሴ ቆሜ!"

"ቆመሃል። ና አሁንም ቁም።"

ብርጭቆዋን ይዛ በሰው መኻል ሰንጥቃ ሄደች። ቦኖውን ከፈተች፣ ውሃው ትንሽ እስኪፈስ ጠበቀች፣ ብርጭቆዋን በቀጥታ ቧንቧው ሥር ያዘች። ሰው ተከትሏት መጥቶ አንዱ ባንዱ ትከሻ ላይ ተንጠራራ። ዱቄቱን ጨመረች፣ ነቀነቀች።

ቀላ።

"ወላሂ ቀላ!" አለ ሀሚዱ፣ የማን ወገን እንደሆነ ረስቶ።

"ምንድነው ይኼ? አስማት ነው?" አሉ አባ ኸሚስ። "እዚያ የለም፣ እዚህ አለ?"

ኑርሀያት ወደ ዋርካው ተመልሳ አንዱን ጠርሙስ አነሣች፣ የቀረውን ውሃ ደፋችው፣ የጠርሙሱን አፍ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ እንደዚያ እንደ ዓሣው አንዴ ሳብ አደረገች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ ሳቀች። ብቻዋን፣ ጮክ ብላ።

ማዕረግ ጠርሙሱን ነጥቃ አሸተተች። "ኑርሀያት! ወይራ አጥነሽዋል?"

"አጥኜዋለሁ።"

"የመለኪያ ጠርሙስ?"

"ሽማግሌ ፊት የሚቀርብ ውሃ ነዋ! ሳይታጠን እንዴት ይምጣ? እጄ ራሱ ነው ያጠነው፣ እኔ አላዘዝኩትም።"

ሴቶቹ መጀመሪያ ገባቸው፣ ሳቁም ከነሱ ነው የተነሣው። በዚያ አገር ውሃ የሚቀመጥበት ዕቃ የወይራ ጭስ ሳይጠጣ ለእንግዳ አይቀርብም። ሁሉም ያጥናሉ። ማንም ሆን ብሎ አያስበውም፣ እንደ መታጠቡ ነው።

ወንዶቹ ግን ገና ናቸው። ስለዚህ ኑርሀያት አሳየቻቸው። ከሱቅ አዲስ፣ ምንም ያልነካው ጠርሙስ አስመጣች። እሱንም፣ የታጠነውንም ከአንድ ቦኖ፣ በአንድ ጊዜ ሞላች። ከታንከር እስከ ዋርካ የሚያስኬደውን ያህል ቆየችና ሁለቱንም ለካች። አዲሱ ቀላ። የታጠነው አልቀላም።

"መድኃኒቱ ጭሱን ሲታገል ያልቃል" አለች። "ጀርም ሲመጣ የቀረ የለም። አቶ እንዳለ ቆሻሻ ዕቃ መድኃኒቱን ይበላዋል ብለውን ነበር። እኔ ቆሻሻ ሲሉ ጭቃ መስሎኝ! ወይራን ማን ቆሻሻ ይላል?"

አባ ኸሚስ ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ ጠርሙሶቹ ጎንበስ አሉ። "እሺ። ያንቺ ጠርሙስ ይኼው ነው" አሉ። "የኔ ቤት ውሃስ?"

"አባ ኸሚስ፣ በቤትዎ እንስራው ይታጠናል?"

"አይታጠንም ወይ! ምን ቤት መሰለሽ የኔ ቤት? ምራቴ ከመጣች ወዲህማ በየቀኑ ነው። የእናቷ ልጅ ናት፣ ሙያዋን…" እዚህ ላይ ቆሙ። ከፍተውት የነበረውን አፍ መዝጋት ረሱ።

ሰው ሁሉ ወደ ሰሚሃ ዞረ። ሰሚሃ የአባ ኸሚስ ልጅ ሚስት ናት፣ በቅርብ የተዳረች፣ ገና ሰው ፊት ቀና ብላ መናገር ያልጀመረች። ፊቷ ተለወጠ።

"እኔ… ውሃው በረኪና እየሸተተ አማቴ ሲያማርሩ ብሰማ ነው" አለች በቀጭን ድምፅ። "ሽታው ይጥፋላቸው ብዬ አበዛሁት።"

"እሷን የሚወቅስ ካለ ቀድሞ እኔን ይውቀስ" አለች ኑርሀያት ፈጠን ብላ። "እሷ ቤቷ ውስጥ ያደረገችውን እኔ ሠልጥኜ መጥቼ ሕዝብ ፊት አድርጌዋለሁ። አብሽሪ እናቴ፣ ሂጂና ከእንስራው ትንሽ ቅጂልን።"

መጣ። ተለካ። ዜሮ ነው።

ከሴቶቹ አንዷ፣ ዑምኩልሱም የሚባሉ አሮጊት ብድግ አሉ። "እና ወይራ ይቅር ነው የምትዪው? እንግዳዬን በረኪና ላጠጣው?"

"ለወተቱ ይጠኑ እማማ፣ ለእርጎው ይጠኑ። የቦኖ ውሃ የሚገባበትን ግን በሳሙና አጥበው ይተዉት።"

"ይሸታላ!"

"ይሽታ! የሸተተ ጊዜ ነው ጠባቂው ቤትዎ ያለ።"

"ጠባቂ አልሽው? ሽታው ባለቤቴን ይመስላል በይኛ" አሉ ዑምኩልሱም፣ ሰውም ሳቀ። አሮጊቷ ግን ከልባቸው አልተቀበሉም፣ ሲቀመጡ ያስታውቅ ነበር። እሳቸው ጋ ገና ብዙ መሄድ አለ።

ጋሽ አሻግሬ ቁልፉን ከመሬት አነሡና ለባድሩ ዘረጉለት። አልተቀበላቸውም።

አባ ኸሚስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ኩሩ ሰው ናቸው፣ ግን ፈሪሃ አላህ አላቸው። ሄደው ፊቱ ቆሙ። "ባድሩ፣ ዋሽቻለሁ። አፉ በለኝ።"

ባድሩ ቀና ብሎ አያቸው። ቀኑን ሙሉ ያልተናገረውን ያን ጊዜ ተናገረ። "አባ ኸሚስ፣ እዚህ ያለው ሰው አይቶታል። ለዚህ ሰው እኔ ቅሬታ የለኝም። እኔን ያሙኝ ገበያ ነው። ሐይቅ ያለ ሰው ይኼን መለኪያ አላየም። ገበያ ያነሡትን ስም ገበያ ይመልሱልኝ፣ ያኔ አፉ እላለሁ። እስከዚያ ቁልፉ ጋሽ አሻግሬ ዘንድ ይቀመጥ።"

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ካሳ አልጠየቀም፣ በግ አልጠየቀም። ግን የጠየቀው ለአባ ኸሚስ ከበግ ይከብዳል፣ ሁሉም ያውቁታል። "እውነቱን ነው" አሉ። ተፈረደ።

ቅዳሜ ኑርሀያት ሐይቅ ወረደች፤ ሳሙና ልትገዛ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ግን ልታይም ነው። ሚኒባሶቹ ከሚቆሙበት አጠገብ አባ ኸሚስን አየቻቸው። ባድሩ ከኋላቸው ትንሽ ራቅ ብሎ ቆሟል፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ። አባ ኸሚስ ጁማ የሚባለውን የጨው ነጋዴ ይዘውታል።

"…ስማኝ፣ ይኼ ሰው ምንም አልነካም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። ቤቴ ያለው እንስራ ነው መድኃኒቱን የጨረሰው።"

"እንስራ እንዴት መድኃኒት ይጨርሳል አባ ኸሚስ?" አለ ጁማ።

አባ ኸሚስ ከዘራቸውን መሬት ላይ አስደገፉ። "እንዴት መሰለህ። አንድ ዱቄት አለች…" ብለው ጀመሩ። ስለ ሮዙ ተናገሩ። ስለ ሎሚውና ስለ አመዱ ተናገሩ። ወደ ቅመም ተራ አለፉ፣ እዚያም ተናገሩ። ጫማ ሰፊዎቹ ዘንድ ሲደርሱ ሰው ከቧቸው ነበር፣ እሳቸውም ማሽኗን በገዛ እጃቸው የሠሯት ይመስል "እኛ መጀመሪያ ዜሮ እናስብላታለን" ማለት ጀምረው ነበር። በየመኻሉ ግን "ባድሩ ንጹሕ ነው" ማለቱን አልረሱትም። አንድም ቦታ አልዘለሉም። ያማሁበት ነው ያሉት ቦታ ሁሉ ሄዱ፣ ያላሙበትም ሄዱ።

ፀሐይዋ ከረረች። የሽማግሌው ድምፅ ጎረነነ። በሬ ተራ ሊገቡ ሲሉ ባድሩ ደረሰባቸውና ክንዳቸውን ያዘ።

"ይበቃል አባ ኸሚስ። ሰው ሰምቷል።"

"በሬ ተራ ገና ነው።"

"በሬ ተራ ስለኔ ያወሩት ነገር አለ?"

"የለም።"

"ታዲያ?"

አባ ኸሚስ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ጥሩ አድርጌ ማስረዳት የጀመርኩት አሁን ገና ስለሆነ ነው" አሉ።

ባድሩ ነገሩ ከተነሣ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። ኑርሀያት ከሳሙናዋ ጋር ቆማ ነበር፣ አየችው፤ መጀመሪያ ትከሻው ነው የሳቀው።

"አፉ ብያለሁ" አለ። "ኑ፣ ጉሮሮዎን ሻይ ያርጥቡት። ኑሬ፣ አንቺም ነይ፣ ተደብቀሽ አትዪ።"